ቤቴን አዳራሽ ላደረገው ሌንስ እና ሌንሱን ላመኑት ኃላፊ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ወገብዎንና ጉልበትዎን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይንዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ግድግዳዬም እንደ እኔው ትንሽ ዘመም ብሎ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ እጄ እንደ ጸሐፊዎችዎ እጅ አይፈጥንም፤ ፊደሉ ቢወላገድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነውና ይታገሡኝ። ደጅዎን ብጠና ብጠና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ አንዱን ቅጂ በመሥሪያ ቤትዎ በር፣ ሌላውን በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎ ባያነቡት ዳቦ ገዢው ያነብልዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን የምኖርባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤትዎ «ጣሪያ ሊጠገን ስለሆነ ቤታችሁን ለፎቶ አዘጋጁ» የሚል ቃል መጣልን። ፎቶ አንሺዋ መጣች፣ አነሳች፣ ሄደች። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። እኔ ግን «ለአንድ ሰው የማይገባ ሰፊ ቤት ይዘሃል» ተብዬ፣ ክፍሌን ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ አስረክቤ ከደረጃው ሥር ወዳለችው ዕቃ ቤት እንድዛወር ታዘዝኩ። ሜትር ይዞ የመጣ የለም። አንድ ሰው እንኳ ብቅ ብሎ አላየም። ፎቶው ታየና ተወሰነ።

አልወጣም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ መጨረሻው ሳይደርሱ እንቅልፍ እንዳይወስድዎ ብዬ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ቤቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ። ፎቶ አንሺዋ ትሑት ልጅ ናት፤ «አባባ፣ ይቺን አልጋ ለአፍታ ብናወጣትስ?» ስትለኝ፣ ለጣሪያዬ መስሎኝ በዚህ ወገቤ አንዱን ጫፍ ይዤ አወጣሁ። ከአልጋው ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ፣ ከቁም ሳጥኑ ቀጥሎ ጠረጴዛው፣ በመጨረሻ ምድጃው ወጣ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ብቅ ብላ «ምነው ጋሼ፣ ሊሞሸሩ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ያለው ሁሉ ሲወጣለት የማይሰፋ ነገር የለም፤ ሆድም እኮ ሲራብ ሰፊ ነው። ከዚያ ልጅቱ ካሜራዋን በሦስት እግሩ አቁማ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስትል ከበሩ ወጣች፤ ኮሪደሩን ተሻገረች፤ በመጨረሻም በጀርባዋ የልብስ ሰፊዋን በር ገፍታ ገባች። የቤቴን ስፋት ለማሳየት የሰው ቤት መግባት ግድ ሆነባት ማለት ነው። ሌንሱ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ የሚያይ፣ ቅርቡን አግዝፎ ሩቁን የሚያርቅ እንደሆነ አስረዳችኝ። እውነቷን ነው። ከአልጋዬ ሳልነሳ እጄን ዘርግቼ የምከፍታት መስኮት፣ በፎቶው ላይ ስንቅ ተይዞ የሚደረስባት ሆናለች። በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጄ ፎቶውን በስልኳ አይታ «አባዬ፣ ቤት ቀየርክ እንዴ? ምነው ሳትነግረኝ?» ብላ ደወለችልኝ። የተወለደችው እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀጥ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ተራ ካሜራ ከፍ ያለ ነገር ለማየት ቀና ሲል ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ያስመስለዋል አሉ። ይኼኛው ግን ቲልት ሺፍት የሚባል ሌንስ ስላለው፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ አንዲት ብሎን ጠምዘዝ ስትደረግ ሌንሱ ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ የግድግዳው መስመርም ቀጥ እንዳለ ይቀራል። አንገት ሳያቀኑ፣ ወገብ ሳይሰብሩ ላይ ታቹን ማየት ማለት ነው። ይህን ስሰማ ብዙም አልገረመኝም፤ በመሥሪያ ቤትዎ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ እርስዎ ድረስ ሁሉም የተገጠመለት ይመስለኛል። የእኔን ግድግዳ ግን ያዘመመው ዕድሜ እንጂ ካሜራ ስላልሆነ ሌንሱ አቃተው፤ ቀሪውን ልጅቱ በኮምፒውተር አቃናችው። የእርስዎ መሐንዲስም ፎቶውን አይቶ «ግድግዳው ጥገና አያሻውም» ብሎ ፈረመ። ግድግዳው ይህን አልሰማም፤ አሁንም እንደዘመመ ነው።

ልጅቱን ግን እንዳይነኩብኝ። ነገሩን ሰምታ ቤቴ ድረስ መጥታ «አባባ፣ ለማስታወቂያ መጽሔት ነው ብለውኝ እኮ ነው ያሳመርኩት» አለችኝ። ሥራዋ ማሳመር ነው። ልብስ ሰፊ ኮቱን አሳምራ ሰፍታ ለባሹን ወፍራም ብታስመስለው፣ «ይኼማ ጠግቧል» ተብሎ ራት አይከለከልም።

ሦስተኛ፣ ከዓይን ስለሰወሩኝ አመሰግናለሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ባለቤቴ ያስቸነከረችው ትልቅ መስታወት አለ፤ ሸሚዜ ተዛንፎ ስወጣ በእሱ አይታ ከኋላ ጠርታ ትመልሰኝ ነበር። ልጅቱ ይህን መስታወት ፊት ለፊት ልታነሳው ፈለገች፤ ነገር ግን እሷና ካሜራዋ በመስታወቱ ሊታዩ ሆነ። ወዲያው ካሜራውን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጋ ሌንሱን ወደ መስታወቱ አንሸራተተችው። እኔም አጠገቧ ቆሜ «ወይ ጥበብ» እላለሁ። ፎቶው ሲወጣ መስታወቱ ልክ ፊት ለፊት የታየ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ባዶ ግድግዳ እንጂ አንድ ነፍስ የለም። እናንተም ከሥሩ «ክፍት» ብላችሁ ጻፋችሁበት። አቤት ልል ስመጣ የአቤቱታ ክፍሉ ሹም ፎቶውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ይኸው እኮ አባባ፣ ነዋሪ አይታይም» አለኝ። ይህን ያለኝ ፊቴን እያየ ነው።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ባለቤቴ በመጨረሻ ታምማ ስትተኛ አልጋዋን ያዞርኩላት በሩን በዚያ መስታወት እንድታይ ነበር። መገላበጥ አቅቷት ስለነበር ማን እንደገባ የምታውቀው በእሱ ነው። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እዚያ ውስጥ የምትስቀውን ፊቷን ነበር። ክፍት ነው ያላችሁት ቤት ይህ ነው።

አራተኛውን ልጽፍ ስል ጣሪያው ወረቀቱ ላይ ጠብ አደረገብኝና ፊደሉ ፈሰሰ። የሚነካው ጣሪያውን ስለነበር ራሱ ጣሪያው ተናግሮልኛል ብዬ ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ስለሰቀሉት ትልቅ ፎቶ ነው። አንድ ቀን በርዎ ገርበብ ብሎ አየሁት። ልጅቱ ያንኑ ሌንስ ዘንበል አድርጋ ሰፈራችንን ከፎቅ ላይ ያነሳችው ነው፤ መሀሉ ብቻ ጎልቶ ዳር ዳሩ ሲደበዝዝ፣ ቤቶቻችን የክብሪት ቀፎ፣ እኛም በጣት የምንነሳ አሻንጉሊቶች መስለናል። ቆንጆ ፎቶ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ጀርባዎን ሰጥተውት ተቀምጠው፣ ሲዞሩም እኛን በዚያ መጠን እያዩ፣ አንዱን አንስቶ ደረጃ ሥር ማስቀመጥ ቢቀልዎ አይፈረድብዎትም። እኔ ግን ሥጋና አጥንት ያለኝ ሰው ነኝ፤ በጣት አልነሳም፤ በጉልበትም ቢሆን እንደምከብድ የሚመጡት ሰዎች ይወቁት።

ስለዚህ ለእርስዎም ለእኔም ክብር የሚስማማ ሐሳብ አቀርባለሁ። የድልድል ኮሚቴው ቀጣዩን ስብሰባ እኔ ቤት ያድርግ። አልጋዬ፣ ቁም ሳጥኔ፣ ጠረጴዛዬና ምድጃዬ በየቦታቸው እንዳሉ፣ ሁላችሁም ገብታችሁ፣ ወንበር ይዛችሁ፣ በሩን መዝጋት ከቻላችሁ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል በገዛ እግሬ እወጣለሁ። በሩ አልዘጋ ካለ ደግሞ «ክፍት» የሚለው ቃል ይሰረዝና «ሰው አለበት» ተብሎ ይጻፍ። ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ግን አዝናለሁ፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ መጻፉ አይቀርም። የደረጃ ሥሯን ዕቃ ቤት በተመለከተ፣ ፎቶ አንሺዋን ይላኩላት፤ በዚያ ሌንስ ከተነሳች ለኃላፊ መኖሪያ የምትበቃ ትሆናለችና እኔ ተራ ሰው ልሻማዎት አልፈልግም።

ጤናና ዕድሜ፣ ከተቻለም አንድ ሜትር እየተመኘሁልዎ፣ ቁልፌን በኪሴ አድርጌ ራሴን ዝቅ ሳላደርግ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
በመስታወቱ ውስጥ የሌለው፣ በቤቱ ውስጥ ግን ያለው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ፣ በሯ ያለ ፈቃዷ ለሥራ ስለዋለ
ለመንገደኛው ሁሉ

ልረሳው ነበር፦ ቤቴን የደለደላችሁላቸው ቤተሰብ ዛሬ ጠዋት ፎቶውን ይዘው፣ የቀድሞ ቤታቸውን አስረክበው፣ ዕቃቸውን በጭነት መኪና አስጭነው መጡ። ልጆቹ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ አባትየው መቆሚያ አጥቶ ኮሪደር ላይ ቀረ፤ እናትየው ዙሪያውን አይታ «ጋሼ፣ ወደ ሌላው ክፍል መግቢያው በየት ነው?» አለችኝ። ሻይ አፈላሁላቸውና እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሴትየዋ ፎቶውን አጥፋ አጥፋ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማደሪያ የላቸውም። እኔም ምንም ሌንስ ሳይነካው ሰፊ የሆነ አንድ ክፍል አውቃለሁ ብዬ ወደ እርስዎ ቢሮ መራኋቸው። ፍራሻቸውን ሲያነጥፉ ሲያዩ እርስዎ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።