የሱፍ ዘይት ላገኘው የውሃ ምርመራ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስልኩ ሲጮህ ሳያነሱ በትዕግሥት ለሚያዳምጡት ጸሐፊዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከቀድሞው ጋራዥ በታች አርባ እርምጃ ላይ ያለችው የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ነኝ። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት ሲያጠራቅምበት የኖረው ታንክ ዓምና ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ ሆዱ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ስላየነው፣ እኔና ስድስት ጎረቤቶቼ የምንቀዳበት የጉድጓድ ውሃና ዙሪያው ያለው አፈር እንዲመረመርልን አመለከትን። ጽሕፈት ቤትዎም ሳይውል ሳያድር፣ በስምንተኛው ወር፣ ሁለት ባለሙያዎች ላከልን። ለዚህ ያለኝን ምስጋና በሚከተሉት ነጥቦች ለመግለጽ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎቹ የመጡት እኩለ ቀን ላይ ስለነበር ታንኩ በወጣበት ሜዳ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። በመሆኑም ከታንኩ ቦታ በላይ ዳገቱ ላይ ወዳለው ዛፍ ወጥተው፣ አፈሩን ከጥላው ሥር ዝቀው ወሰዱ። ዘይት ሽቅብ እንደማይፈስ ባውቅም፣ በተማረ ሰው ፊት ይህን ማንሳት ድፍረት መስሎ ስለታየኝ ወንበር አቅርቤላቸው ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛ፣ የናሙና ጠርሙሶቹን ቢሮ ረስተዋቸው ስለመጡ ምራቴን ባዶ ዕቃ ይኖራት እንደሆነ በትሕትና ጠየቋት። እሷም እጇ የማይሰስት ናትና፣ የሱፍ ዘይት ያለቀበትን ፕላስቲክ ለቅለቅ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ የጉድጓዱን ውሃ በእሱ ቀድተው ሄዱ። ከሁለት ወር በኋላ የደረሰን ማኅተም ያረፈበት ውጤት፣ በውሃው ውስጥ መጠነኛ ዘይት መገኘቱን፣ ዘይቱ ግን ለምግብነት የሚውል በመሆኑ ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ መሆኑን ያበሥራል። ሳነበው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ የደንበኛዬን ሸሚዝ አንገትጌ አቃጠልኩ። የሰፈራችን ባለሱቅ ግን ውጤቱን ኮፒ አድርጎ ከዘይት መደርደሪያው በላይ ለጥፎታል፤ ገበያው ደርቶለታል፣ ሰላምታውንም አድርሺልኝ ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን ተቃውሜ ባመለከትኩ ጊዜ ቅሬታዬ ስሜታዊ እንደሆነ በጽሑፍ ተነግሮኛል። ልክ ነዎት። ሠላሳ ዓመት እድፍ ሳስለቅቅ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ በዚያ ውሃ የታጠበ ነጭ አንሶላ ወይቦ ናፍጣ ናፍጣ ሲለኝ ስሜት ይሰማኛል። በአንሶላው እንኳ እስቃለሁ፤ የማልስቅበት የምራቴ ነገር ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ከሩቅ በጀሪካን ውሃ እየተሸከመ ያመጣላት ነበር። ልጄ ግን ከእናቱ ይልቅ ማኅተም ያምናል፤ ውጤቱ እንደደረሰ ጀሪካኖቹን ጓዳ ወርውሮ ሚስቱን ከጉድጓዱ ማጠጣት ጀመረ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባኮርፈው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ እፈራለሁ።

ስለዚህ ባለሙያዎችዎ ተመልሰው እንዲመጡና በታንኩ ቦታና በጉድጓዱ መካከል እንዲቆፍሩ እለምናለሁ። እንዳይቸገሩ ብዬ ስድስት የብርጭቆ ጠርሙሶች ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ከድኜ መስኮቴ ላይ ደርድሬአለሁ። ፀሐዩም እንዳያሳስባቸው፤ ጃንጥላውን ራሴ ቆሜ እይዝላቸዋለሁ።

በጽሕፈት ቤትዎ ትጋት ሳቅ ያልጎደለባት፣ እንቅልፍ ግን የራቃት፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ከታንኩ በታች ያለችው አጣቢ

ማስታወሻ፦ የጋራዡ ቦታ ንጹሕ መሆኑ ስለተረጋገጠ አዲሱ ቢሮዎ እዚያው ሊሠራ መሆኑን ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ አንብቤ እጅግ ደስ ብሎኛል። ከፕላኑ ዝርዝር ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ፣ ለሠራተኞች ጤንነት ሲባል በአካባቢው ያለው የጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ እንደማይውልና ንጹሕ ውሃ ከዳገቱ ማዶ በቧንቧ እንደሚመጣ ሰፍሯል። ይህንኑ ገልብጬ ሳይሆን፣ ልጄን እጁን ይዤ ወስጄ ከሰሌዳው ላይ አስነበብኩት። እሱም ማኅተም ነበረበትና፣ በዚያው ዕለት ጀሪካኖቹን ከጓዳ አውጥቷል።