ያልዋሸን ደላላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የማይዋሽ የመኪና ደላላ ስንፈልግ ከርመን ዛሬ ቡሬ ላይ አገኘን። ጋሼ አያሌው አሮጌዋን ቪትዝ ካሳዩን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጆቼ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። የረከሰችው ባለቤቷ ስለታገተ ነው፤ ማስለቀቂያው አልሞላላቸውም።»

ባሌ ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከቸኮሉማ ትንሽ ይቀንሱልና!»

«ስዋሽም ታስቀንሳላችሁ፣ እውነት ስናገርም ታስቀንሳላችሁ!» አሉ ጋሼ አያሌው።

ለካ የታጋቹ ሚስት ደጃፉ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። «ስንት ልቀንስላችሁ?» አለች። «ብቻ ዛሬውኑ ይሁንልኝ።»

ባሌ ዞሮ አየኝ። «ተው፣ በተባለው ዋጋ እንግዛት» ማለት ነበረብኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ።

አስቀንሰን የገዛናት መኪና አሁን ግቢያችን ቆማለች። ሴትዮዋ የቀነሰችልን ብር ማስለቀቂያውን አጉድሎባት ይሆን?