የመርጃን ስፌት

ጅቡቲ፣ ሰኞ፣ ግንቦት ፭ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ጉሬዛ ነው ያደረገው። ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ጉሬዛ ድመቴ ነው፣ የጨርቄ ጠባቂ። እሱ ቤቴ ከገባ ወዲህ አይጥ አንድ ጥቅል አልበላችብኝም። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ሲገባ አፉ ላይ አረንጓዴ ላባ አየሁ። ወዲያው የጎረቤቴ የእማማ ሩቅያ ጩኸት ተሰማ።

እማማ ሩቅያ የሐረር ሰው ናቸው። ባላቸው ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ካረፉ ቆዩ። አንድ ልጃቸው ዩሱፍ መርከብ ላይ ከሰል ጨማሪ ነው፤ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። መርጃንን ከቦምባይ ያመጣላቸው እሱ ነው፤ ምንቃሯ ቀይ፣ ሌላው ገላዋ አረንጓዴ የሆነ በቀቀን። በሦስት ቋንቋ ሰላም ትላለች፣ በአራተኛው ትሳደባለች። በዚያ ቤት ለእማማ ሩቅያ የምትመልስላቸው ነፍስ እሷ ብቻ ናት።

ሮጬ ስደርስ ወፏ በረንዳው ላይ ወድቃለች። ቀኝ ክንፏ ተንጠልጥሏል። አንገቷ ሥር ደረቷ ተቀዷል፤ ጠዋት የበላችው ማሽላ በቀዳዳው ይወጣል። እማማ ሩቅያ ቢላ ይዘው ቆመዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ላሳርፋት አስካለ። ስትሰቃይ ማየት አልችልም» አሉኝ።

ቢላውን ከእጃቸው ወሰድኩት። የተቀደደ መስፋት የእኔ ሥራ ነው፣ ለእኔ ይስጡኝ አልኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያ በማለቴ አሁንም አልጸጸትም።

ያደረግኩትን በተራ ልጻፍ፤ ሌላ ቀን ያስፈልገኝ ይሆናል።

በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን ጫን አድርጌ ያዝኩት፣ ደሙ እስኪቆም። ዓይኗን በሻሽ ሸፈንኩ፤ ጨለማ ሲሆንባት ልቧ መለስ አለ። መርፌውንና የሐር ክሩን በጨው ውሃ ቀቀልኩ። ማሽላውን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ቀዳዳውን በዚያው ውሃ አቀዝቅዤ አጠብኩ።

ስንት ዶሮ ገነጣጥዬ ወጥ ሠርቻለሁ፤ የወፍ ገላ አዲስ አይሆንብኝም። እህሉ መጀመሪያ የሚጠራቀመው አንገት ሥር ባለች ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። የተቀደደችው እሷ ናት። ቆዳውን ገጥሜ በሰባት ጥልፍ ዘጋሁት። ክንፏን አጥፌ ከገላዋ ጋር በቀጭን ጨርቅ ጠመጠምኩት፤ ላላ፣ ትተንፍስበት።

አሁን ጠረጴዛዬ ሥር በሳጥን ውስጥ ናት። ሕመምተኛ ወፍ ሙቀት ትፈልጋለች ይባላል። ለዚያስ ጅቡቲ አለችላት።

እማማ ሩቅያ ሲሄዱ ሁለቱንም እጆቼን ሳሙ። «አላህ ይባርካቸው» አሉ። ጉሬዛ በዚያን ሰዓት አልጋው ሥር ተኝቶ ነበር።


ማክሰኞ፣ ግንቦት ፮

በሕይወት አለች! ሳጥኑን ስከፍት ራሷን አቅንታ አየችኝ። ኩሷም አረንጓዴና ነጭ ነው። በኩስ እንዲህ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም ነበር።

ሥራ ቆሟል። የጉምሩኩ ሹም ሚስት ቀሚሷን ለቅዳሜ ትፈልገዋለች፤ ገና እጅጌ የለውም። ይደርሳል።

ጠዋት ሜኔሊክ አደባባይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ግሪኩ ባለመድኃኒት መጀመሪያ በቀልድ ነው የያዘኝ፤ ወፍ በሾርባ ትሻላለች ማዳም አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። እሱም ሳቁን ትቶ ስንት ጥልፍ እንደሰፋሁ፣ በምን ክር እንደሆነ ጠየቀኝ። የሐር ክር ስለው ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ጠርሙስ አዮዲን ሰጠኝና በውሃ እስኪገረጣ ድረስ እንዳቀጥነው፣ አለዚያ እንደሚያቃጥላት ነገረኝ። ደግሞም ወፍ ክርን በምንቃሯ ስለምትፈታ ተጠንቀቂ አለኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቤት ስደርስ እውነትም አንዱን ጥልፍ መነካካት ጀምራለች። ከሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ ሸራ ክብ ቆርጬ አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ሹም መስላለች። እማማ ሩቅያ ሲያዩዋት ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ የእንቁላል አስኳል በውሃ በጥብጬ በጨርቅ ጫፍ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ዋጠች።

እማማ ሩቅያ ዛሬም መረቁኝ። ዘር ማንዘሬን መረቁ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?


ረቡዕ፣ ግንቦት ፯

ጠዋት ከኮሌታዋ ሥር ስነካት እርጥብ ናት። ትናንት የዋጠችው አስኳል በጥልፎቹ መካከል ይወጣል። ሃያ ዓመት ስሰፋ ስፌቴ አፍ ከፍቶብኝ አያውቅም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ የሹሙ ሚስት ቀሚስ ተገልብጦ ተሰቅሏል፤ ገበሩ ይታያል። እሱን ሳይ ገባኝ። ሰኞ ለት ቆዳውንና ከረጢቷን አንድ ላይ ነው የወጋሁት። ቆዳው ወደዚህ ሲሳብ ከረጢቷ ወደዚያ ትሳባለች፤ በመካከል ይከፈታል። ገበርንና ላዩን ጨርቅ በአንድ መርፌ የምትወጋ የትኛዋ ጀማሪ ናት? ገበር ለብቻው፣ ላዩ ለብቻው።

ተርትሬ እንደ አዲስ መስፋት አለብኝ። ለዚህ ደግሞ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል። ባሌ ደምሴ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነው፤ ከድሬዳዋ የሚመለሰው ነገ። እማማ ሩቅያን ጠራኋቸው። ስፌቱ የተበላሸው በእኔ ስሕተት ነው አልኳቸው፤ ይህንን እንኳ አልደበቅኩም። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ተቀመጡ፣ መርጃንን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፣ ዓይኗን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሰኞ የተንቀጠቀጠው እጅ ዛሬ ድንጋይ ነበር።

ተረተርኩ። አጠብኩ። የከረጢቷን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ዓይን በማያየው ደቃቅ ጥልፍ ዘጋኋት። አንዲት ማንኪያ ውሃ በጉሮሮዋ አንቆረቆርኩና ጠበቅኩ። አልወጣም። ከዚያ ቆዳውን በላይዋ ለብቻው ሰፋሁ። በሕይወቴ ከዚህ የተሻለ ስፌት አልሰፋሁም።

የመጨረሻዋን ቋጠሮ ቆርጬ መቀሱን እንዳስቀመጥኩ ተናገርኩ።

«እማማ፣ ድመቴ ነው። ሰኞ ለት ላባዋን አፉ ላይ አይቻለሁ።»

ከመስፋቴ በፊት ያልነገርኳቸው እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ፈርቼ ነው።

እማማ ሩቅያ ቀና አላሉም። መርጃንን ቀስ አድርገው ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ። እጃቸውን ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። «ደህና ዋይ» ብለው ወጡ።


ሐሙስ፣ ግንቦት ፰

አልመጡም።

መርጃን ደህና ናት። ደረቷ ደረቅ ነው። ሦስት ጊዜ አስኳል፣ ሁለት ጊዜ ስኳር ውሃ። አዮዲን ጠዋትና ማታ።

ደምሴ በባቡሩ መጣ። ሳጥኑን፣ ኮሌታውን፣ እጅጌ የሌለውን ቀሚስ አየና ገና ጫማውን ሳያወልቅ ሁሉንም አናዘዘኝ። ለወፍ ይህን ያህል ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለም። ጉሬዛን ምን ልታደርጊው ነው ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ድሬዳዋ ባቡሮቹ የሚታደሱበት ግቢ አይጥ እንደ ጉድ ነው፣ ሠራተኞቹ ድመት ይፈልጋሉ አለ። ቅዳሜ ተመልሶ ይሄዳል።

ጉሬዛ ጭኔ ላይ ወጥቶ ሲያንኮራፋ ይህን እጽፋለሁ። ምንም አያውቅም። ወፍ አየ፣ ያዘ። ግን መርጃን ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የሰሌን አጥር ብቻ ነው። አንዱ መሄድ አለበት።


ዓርብ፣ ግንቦት ፱

ዛሬ ከባድ ነው። ነፋስ የሚባል የለም፤ ቆርቆሮው ይጮኻል። መርጃን አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏ በመታሰሩ ራሷን ማራገብ አትችልም። ደምሴ ከገበያ በረዶ አመጣ። እርጥብ ጨርቅ በሳጥኑ ዙሪያ ዘረጋሁ፤ በረዶውን በሣህን አጠገቧ አደረግኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ስሟን ጠራሁ፣ አትመልስም። ሰኞ በተናገርኩት ነገር ኀፍረት ያዘኝ፤ የተቀደደ ሁሉ አይሰፋም ይሆናል አልኩ። ይህን ያልኩት ለአንድ ሰዓት ያህል ነው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ከባሕሩ ነፋስ ገባ። ቀና አለች። ውሃ ጠጣች፤ ራሷ ከሣህኑ፣ ማንም ሳያጠጣት።

ሮጬ ሄጄ የእማማ ሩቅያን በር መታሁ። ከመጋረጃው ኋላ ነበሩ፤ ጥላቸው ይታያል። ራሷ ጠጣች አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። መጋረጃው አልተገለጠም።


ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲

ጠዋት ደምሴ ጉሬዛን በቅርጫት ይዞት ሄደ። ባቡር ጣቢያ አልሸኘሁም። ቅርጫቱን ግን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ክዳኑን በሲባጎ።

ቀሚሱ ደረሰ። የሹሙ ሚስት መስታወት ፊት ዞራ ዞራ አየችውና ፈገግ አለች። እንቅልፍ ባጣ እጅ መሰፋቱን አታውቅም።

እማማ ሩቅያ ከቀትር በኋላ መጡ። ሳይቀመጡ ሳጥኑን ከፍተው መርጃንን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ድመት ድመት ነው። የወፏን ቤት ሳልዘጋ የተውኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ አልተቀየምኩሽም። ሁለት ቀን ሙሉ እጅሽን እየሳምኩ ስመርቅሽ ግን ዝም ብለሽ ተቀበልሽ። ያ ነው ያመመኝ።»

«ልክ ነው፣ እማማ» አልኩ።

ድመቱ የት አለ ብለው ጠየቁ። ድሬዳዋ ሄደ ስላቸው ደነገጡ። ማን ላኪው አለሽ አሉኝ፤ እኔ አልኩ። ያን ጊዜ ተቀመጡ። መርጃንን አስኳሏን ያበሏት እሳቸው ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አላቸው፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም።


እሑድ፣ ግንቦት ፲፩

ቤተ ክርስቲያን። ለወፍ ጸለይኩ። ይፈቀድ አይፈቀድ ቄሱን አልጠየቅኳቸውም።

የተቀቀለ ማሽላ ጀመረች። ከረጢቷ ጢም ብላ ሞላች፣ አልፈሰሰችም። ገበሩ ያዘ!


ረቡዕ፣ ግንቦት ፲፬

ሁለት ቀን አልጻፍኩም፤ ሥራ በዝቶ ነበር። ሰኞ ሌሊት አይጥ የአንድ ጥቅል ፖፕሊን ጠርዝ በልታለች። ይሁን።

ዛሬ የቆዳውን ጥልፍ አወጣሁ። ግሪኩ ባለመድኃኒት፣ ሳልጠራው፣ በምሳ ሰዓት እኛ ሰፈር፣ ካርቲዬ ዱ ድረስ በእግሩ መጣ። ላቡን እየጠረገ መነጽሩን አድርጎ ጠባሳውን መረመረና ማዳም፣ በሌላ ጊዜ እኔንም ትሰፊኛለሽ አለኝ። በዚህኛው ቀልዱ ሳቅኩ።

የክንፉን ጥምጥም ፈታሁት። ክንፉ ይታጠፋል፤ ግን ከትከሻ በላይ አይነሣም። ትበር እንደሆነ አላውቅም። አጥንቱ የገጠመው እኔ እንደፈለግኩት አይደለም፤ አጥንት ክር አይደለም። መብረር ባትችል እንኳ በምንቃሯና በጥፍሯ እየተንጠላጠለች የትም ትወጣለች። ከጠዋት ጀምራ ወንበሬን፣ መጋረጃዬን፣ የስፌት መኪናዬን መንኰራኩር ወጥታበታለች።

ማምሻውን እማማ ሩቅያ ሊወስዷት መጡ። ለዘጠኝ ቀን በመርፌ ስወጋት፣ ስተረትራት፣ በአዮዲን ሳቃጥላት አንዴም አልነከሰችኝም፤ አቅም አልነበራትም። ዛሬ ላሻግራት እጄን ስዘረጋ ጣቴን በምንቃሯ ይዛ እስከ አጥንት ነከሰችኝ። ደሙ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። በአራተኛው ቋንቋዋም ጨመረችልኝ።

«ድናለች» አሉ እማማ ሩቅያ።

ሁለታችንም ሳቅን፣ እንባችን እስኪወጣ። ከዚያ እማማ ሩቅያ ከሻሻቸው ጫፍ ቀደው ጣቴን አሰሩልኝ። ቋጠሮው ልል ነው፤ የልብስ ሰፊ ዓይን ይህን አያልፍም። አልፈታሁትም። ይህን የምጽፈው በአራት ጣቴ ነው።