ሰላምታ ስለተከለከለበት መንገድ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር
የተሽከርካሪ ፍጥነትና የመንገድ ደኅንነት ኮሚቴ
ፍኖተ ሰላም

ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣ ለእርስዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ጤናና ረዥም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እኔ ከባለቤቴ ከአቶ ሙጬ መሞት በስተቀር ደህና ነኝ። ከቡሬ ወዲህ በመኪና መንገዱ ዳር የምንኖር ገበሬዎች ነን። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ጆሮዬ ከልጅነቴ የተማረ ነው፤ እጄን በመሠረተ ትምህርት ያስተማራችሁልኝ ግን እናንተ ናችሁና በቅድሚያ ስለዚህ አመሰግናለሁ። በከተማው መግቢያ ያቆማችሁትን፣ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ ዛሬ ሳልንተባተብ አነብበዋለሁ። ጓዶቹ በመኪና ሲያልፉ ለማንበብ ጊዜ እንደማያገኙም እረዳለሁ።

ቀደም ሲል በፖስታ የላክሁት ደብዳቤ መልስ ስላላገኘ፣ ይህኛውን ማንም እንዲያነብበው በቡሬ ገበያ ካለው ትልቁ ባሕር ዛፍ ላይ እለጥፈዋለሁ። ድፍረት አይሁንብኝ።

፩ኛ፦ ባለፈው ጥር ሙጬ ከቡሬ ገበያ በርበሬውን ሸጦ ሲመለስ የኮሚቴዎ ላንድሮቨር ከፊቱ ሲመጣ አየ። እንደ ልማዱም ከበቅሎው ወረደ፤ ጋቢውን አደግድጎ፣ ወደ መንገዱ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ እጅ ነሣ። በአገራችን ሽማግሌ ከበቅሎ ወርዶ ሲጠብቀው ልጓሙን ስቦ «እንደምን ዋላችሁ» የማይል መንገደኛ የለም። የጭነት መኪና ሾፌሮች እንኳ ያውቁት ስለነበር ቀስ ብለው፣ እጃቸውን አውለብልበው ያልፉ ነበር። ምስኪኑ ባሌ በላንድሮቨሩም ውስጥ ሰው ያለ መሰለው። ጓዶቹ በዚያን ዕለት ወደ ቡሬ ይበርሩ የነበረው ሾፌሮችን ቀስ ብሎ ስለ መንዳት ለሚያስተምር ስብሰባ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ። ስብሰባው በሰዓቱ በመጀመሩ ተጽናንቻለሁ።

፪ኛ፦ ኮሚቴው ጉዳዩን አጣርቶ፣ ሟቹ ያለ በቂ ምክንያት በመንገድ ላይ በመቆሙ በራሱ ጥፋት ሞቷል ሲል ወስኗል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ያላየሁበትን ጥፋት ስላገኛችሁለት እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ከውሳኔውም ጋር አዲስ መመሪያ ደርሶናል፤ እግረኛ ሁሉ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከመንገድ ወጥቶ እንዲርቅ፣ ለሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ እጅ መንሣትም ከእንግዲህ ክልክል እንዲሆን። መመሪያው በሚገባ ሠርቷል። ጎረቤቴ ጌጥነሽ ትናንት እንስራዋን እንዳዘለች መኪና ሰምታ እሾህ ውስጥ ገባች፤ ቀሚሷም ተቀደደ፣ እንስራውም ተሰበረ፤ እሷ ግን በሕይወት አለች። መኪናውን ቀስ በል ማለት ቢከብድ ሰላምታውን መከልከል እንደሚቀል እኛ መሃይማኑ መች እናውቅ ነበር?

፫ኛ፦ የመጣሁበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ሾፌራችሁ ለለቅሶ ልምጣ፣ ይቅርታም ልጠይቅ ብሎ ሽማግሌ ልኮብን ነበር። እኛም ይምጣ ብለን ነበር። ኮሚቴው ግን ለቅሶ መድረስ ጥፋትን ማመን ይሆናል በማለት እግሩን ወደ መንደራችን እንዳያነሣ አግዶታል። ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንድ ልጅ አለኝ፤ ዘሩ ይባላል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ጠጉሩን አልተላጨም፤ ከጓደኞቹ ጋር አይጫወትም፤ ማታ ማታ መንገዱን እያየ ይቀመጣል። እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂኝ አይሉኝም። እለምነዋለሁ፤ ዓይኑን ከመንገዱ አያነሣም። ሙጬን ቀብሬያለሁ። ዘሩን ለመቅበር ግን አቅም የለኝም፤ የዚያ ሾፌር እናትም ልጇን እንድትቀብር አልፈልግም። በዚህ ሐሳብ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እህል አልወርድልሽ ብሎኛል፤ በጣም ፈርቻለሁ።

የማመለክተው ካሳ እንዲከፈለኝ አይደለም፤ ውሳኔያችሁም ካላስቸገራችሁ በመዝገባችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ያ ሾፌር እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ በደጃችን እንዲቆም ብቻ ይፈቀድለት። ለዚህም ነዳጅ እንኳ አያስወጣችሁም።

መመሪያዎን አክብሬ፣ ለመኪናዎ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ከእሾሁ ውስጥ ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በራሱ ጥፋት የሞተው የአቶ ሙጬ ሚስት፣
አልጣሽ ረዳ
መጋቢት ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከመለጠፌ በፊት፣ ባለፈው እሑድ አንድ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በእግሩ ከደጄ መጣ። ስሙንም ሥራውንም ስላልጠየቅሁት ብትመረምሩኝ የምነግራችሁ የለኝም። ዘሩ ወጥቶ ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለትና ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። እህል አብረን ቀመስን፤ በማግሥቱ ዘሩ ጠጉሩን ተላጨ። ስለዚህ ስለ ፈቃዱ እንዳይደክሙ። ኮሚቴውም አንድ ቀን መምጣት ቢያምረው በራችን አይዘጋበትም፤ የጨነቀኝ መሐላችን ገብቶ የሚያስታርቀን ሽማግሌ ማጣቴ ነው፤ በዚህ አገር የተጣላውን ሁሉ ሲያስታርቅ የኖረው ሙጬ ነበር።