ያለ ፍሪሲዮን እስከ ሆስፒታል

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። እማዬ ለሙት ዓመትህ ከአሁኑ ሽር ጉድ ላይ ናት። ፒክአፕህም አለ፤ ይሸጥ ያላትን ሁሉ አኩርፋዋለች። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ዛሬ የምጽፍልህም በሱ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት እህቴን ሰብለን ምጥ ያዛት። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ከእማዬ ጋር ከኋላ ወንበር አስቀምጫት ከለቡ ተነሳሁ። ጀሞ ጋ መንገዱ በታክሲ ተጨናንቆ ሳለ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ቀረ። ደጋግሜ ብረግጠውም ባዶ ነው።

ወንድምህ ጋሽ ተስፋዬ፣ መኪናህ እንዳይጎድልበት ብሎ፣ ፍሪሲዮኑ ላይ በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት ሞልቶልኝ ኖሯል። ታውቀዋለህ፣ ለሱ ዘይት ሁሉ ዘይት ነው። በኋላ ሲፈታ እንደታየው የውስጡ ላስቲክ አብጦ ተበላሽቷል። ፔዳሉ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ እንደሚገፋ፣ ዘይቱ ካምቢዮው ጋ ያለውን ሹካ፣ ሹካው ደግሞ ኩሽኔታውን ገፍቶ ዲስኩን ከሞተሩ እንደሚያላቅቅ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዘይቱ ካልገፋ ሞተርና ማርሽ አይላቀቁም።

ከኋላዬ ታክሲው ጥሩምባውን ያንባርቃል፣ ሰብለ ትጮሃለች፣ እማዬ ማርያም ማርያም ትላለች። ሞተሩን አጠፋሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። መኪናው ዘለለ፤ ፊቴ ያለውን ሚኒባስ ለጥቂት ሳትኩት። ለሁለተኛው ማርሽ ነዳጅ ለቅቄ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ጉልበት ከተጠቀምኩ ጥርሱን እንደምጨርሰው ነግረኸኝ ስለነበር በጣቶቼ ብቻ ገፋ አደረግኩት። ገባ። አባዬ፣ ገባ!

ከዚያ በኋላ የፈራሁት መቆምን ነው። በቆምኩ ቁጥር ማጥፋት፣ እንደገና መዝለል አለ። ባትሪው እምቢ ቢለኝስ? ትራፊኩ እጁን ባነሳ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። መሃል ላይ ተናደድኩብህ። እንዲህ ያለ ቀን እያለ ለምን ሞትክ ብዬ በልቤ ጮህኩብህ።

ብስራተ ገብርኤልን አልፈን ሆስፒታሉ በር ላይ ስቆም ዘበኛው እዚህ መቆም ክልክል ነው እያለ መጣ። ሰብለን በወንበር እየገፉ አስገቧት። ብዙ ሳትቆይ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ለጋሽ ተስፋዬ ግን እስካሁን አልነገርኩትም፤ ለመኪናህ ብሎ ነውና አንጀቴ አልቻለም።

ሩቅ በሄድን ቁጥር ስትደርሱ ደውሉ ትለን ነበር። ያን ቀን ከመኪናው ሳልወርድ ስልኬን አውጥቼ ስምህን ፈለግኩ። ቁጥርህን አላጠፋሁትም፤ አላጠፋውምም። እድሜ ልኬን ሳስታውስህ እኖራለሁ። ያኔ ግን ልነግርህ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አባዬ፣ ደርሰናል።

ልጅህ