የአይቶር ጉልበት

ሮም፣ ፒኜቶ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ እንዴት ናት? የኅዳር ብርድ ሲገባ ትከሻዋን ያማታል፤ ዘንድሮስ እንዴት አደረጋት? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ግቢ ውስጥ ያሉት ተከራዮች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ያለፈው ዓርብ ሳትደውልልኝ ቀረህ። ከነሐሴ ጀምሮ አንድም ዓርብ አጉድለህ ስለማታውቅ ታመመ እንዴ ብዬ ሰጋሁ። ቅዳሜ ለእማዬ ስደውልላት ግን «ኧረ ምንም አልሆነ፣ ስልኩን እያየ ይበሳጫል እንጂ ደህና ነው» አለችኝ። ደህንነትህን ከእሷ ሰማሁ።

ደብዳቤ ሲደርስህ ሳትገረም አትቀርም። እኔና አንተ ከተጻጻፍን ስንት ዘመናችን! ይህን የምትሰጥህ ልዕልቲ ትባላለች። ቪያ ቮልቱርኖ ላይ የስልክ ሱቅ አላት፤ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች። ፖስታውን በፕላስተር ዙሪያውን አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ። እትዬ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ተጠራጣሪ የሆነችው ትል ይሆናል። እነግርሃለሁ። በስልክ ቆራርጬ ስለሆነ ያወራሁህ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

አይቶር ከስፔን የመጣው አምና በጥር ነው። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ያሳደገው ክለብ እዚህ ላለው ክለብ በውሰት ሰጠው። ውሰት ማለት እንደ ጎረቤት ወንፊት ነው፤ ከወደዱት ይገዙታል፣ ካልወደዱት ይመልሱታል። መጀመሪያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከረመ። ከዚያ አንዱ ተጎድቶ እሱ ሲገባ ጎል አገባ፤ ከዚያ ወዲህ ከቋሚዎቹ አንዱ ሆነ። እናቱ ማርያ አብራው ናት። አገሯ ዓሣ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት፤ ዛሬም ቢሆን ዓሣውን እኔ እንድመርጥ አትፈቅድልኝም። እኔ ቤቱን አጸዳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ምሳ አዘጋጃለሁ። ሥራውን ያገኘልኝ የልጁ ሹፌር ኣንገሶም ነው። ኤርትራዊ ነው፤ ደብረ ዘይት ስለተማረ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል።

ግንቦት ላይ ልጁ ቀኝ ጉልበቱን ተጎዳ። ዳነ ተባለ፤ ግን እየቆየ ይነሳበታል። ሲያመው ደረጃውን የሚወርደው ወደ ኋላ ነው። እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ እየሳቀ «ዜ፣ ከመንገድ ውጪ፣ የኋላ ማርሽ ነው!» ይለኛል። ዘነበች ማለት አይሆንለትም። ወደ ኋላ የወረደ ሳምንት አይሰለፍም። ይህን ከአሰልጣኙና ከእኛ ከቤቱ ሰዎች በስተቀር ማንም አያውቅም። አሰልጣኙ ደግሞ ማን እንደሚሰለፍ ጨዋታው እስኪቃረብ ድረስ አይናገርም።

አንተ ነሐሴ ላይ ዓርብ ዓርብ መደወል ጀመርክ። የእኛ ሰው ጤና ሲጠይቅ ማንንም አይዘልም። «የምትሠሪበት ቤትስ? ሲኞራዋስ? ልጁስ፣ ጉልበቱ ተሻለው?» ትለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እንደ ወጉ እመልስልሃለሁ። ዛሬ ተሽሎታል፣ ዛሬ ወደ ኋላ ወረደ እልሃለሁ። «እግዜር ይማረው» ትልና ትዘጋዋለህ። አንድ ጊዜ ኳስ ማየት ጀመርክ እንዴ ብልህ «ኧረ እትዬ፣ አንቺ የምታበይው ልጅ ሲጫወት ሳላይ ልቅር?» አልከኝ። ሳቅሁ። በልጅነታችን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኳስ ሲጫወት አንተ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ጫማ ነበር የምትጠብቅላቸው።

ጥቅምት ላይ ሁለት ሰዎች ወደ ቤት መጡ። ስለ ውርርድ የሚመረምሩ ናቸው። አይቶር የሚሰለፍበትንና የማይሰለፍበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ብዙ ሰውም ይወራረድበታል አሉ። የጠረጠሩት ልጁን ራሱን ነው። ከተረጋገጠበት ከኳስ ይታገዳል። ታግዶ ደግሞ ማንም አይገዛውም፤ ያሳደገው ክለብም አይፈልገውም። በሃያ ዓመቱ አለቀለት ማለት ነው። ስልኩን ወስደውበት ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርያ እኔ ወጥ ቤት ስገባ ወሬዋን ታቆማለች። ልጁ ምግቡን በሹካ ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ይቆይና ይነሳል። «ዜ፣ እኔ ለማን ነው የምነግረው? እዚህ ከተማ ጓደኛ እንኳ የለኝም እኮ» አለኝ።

በማግስቱ ኣንገሶም ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሲያደርሰኝ ሬዲዮውን ዘጋው። «አሎራ፣ እንግዲህ ዘነበች» አለኝ፣ «ቤቱ ውስጥ የምንገባ አራት ነን። ልጁ ራሱን አይሸጥም። እናቱ ልጇን አትሸጥም። ቀረን ሁለት።»

«እና?» አልኩት።

«እናማ እኔ አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም» አልኩት። የትራፊክ መብራት ያዘን፣ ለቀቀን። ስወርድ ግን በመስኮቱ «ለጸሎት ብለሽ ስሙን የሰጠሽው ሰው የለም?» አለኝ።

ነበር። የጸሎት ማኅበራችንን ለምትመራው ለአምለሰት ስሙንም ሕመሙንም ነግሬያት ነበር። መቼም እኛ ዘንድ ምን እንዳመመው ሳይጠየቅ ለሰው አይጸለይም። አምለሰት ደግሞ ጸሎትና ወሬ ሲለያዩ አይታ አታውቅም። «አይቶር? ይህ ደግሞ የምን ስም ነው? እኔ ወልደ ማርያም ብዬ እጸልይለታለሁ፣ ለጌታ ይገባዋል» ብላ ሴቶቹን ሁሉ አስቃብኝ ነበር። እሷ ናት ብዬ ደመደምኩ። በዚያው ሳምንት ግን ኣንገሶምን ከሥራ አገዱት። እንግዲያው እሱ ነው ብዬ ደግሞ አሰብኩ። ሚስቱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አየኋትና ሰላም ሳልላት በሌላ በኩል ዞርኩ።

እንዲህ መኖር ስላልቻልኩ አንድ ነገር አደረግሁ። ልጁ ምንም ባላመመው ሳምንት ለአምለሰት ወገቡን ይዞታል፣ አይሰለፍም አልኳት። ቤቱ ለተቀመጠው ለኣንገሶም ደወልኩና ሆዱን ታሟል፣ አይሰለፍም አልኩት። ለአንተ ዓርብ ስትደውል የነገርኩህን አንተ ታውቀዋለህ።

ቅዳሜ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ የአበሻ ምግብ ቤት ምሳ ልበላ ገባሁ። ከአጠገቤ እንዳሻው የሚባል፣ በብስክሌት ምግብ የሚያመላልስ ልጅ ከጓደኛው ጋር ተቀምጧል። ስልኩን እያየ «ስፔኑ ነገ የለም። ቁርጭምጭሚቱን ነው» አለው።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማዘር፣ አንቺም ቤቲንግ ትቆርጫለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ የቴሌግራም ቻናሉን አሳየኝ። በአማርኛ ነው የተጻፈው። «ከአዲስ አበባ ነው የሚለቀው። ሰውየው የልጁ ቤት ውስጥ የራሱ ሰው አለው። ስቶ አያውቅም» አለኝ።

ያዘዝኩት ምግብ መጣ። ሳልነካው ከፍዬ ወጣሁ።

እሁድ አይቶር ተሰለፈ። ጨዋታው እስኪያልቅ ሮጠ፤ አንድ ጎል አገባ። ቁርጭምጭሚቱን ታሞ አያውቅም። ሰኞ እንዳሻውን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ያ ውሸታም ብስክሌቴን ሊያሸጠኝ ነው፤ እኔ ብቻ መሰልኩሽ? ቻናሉ ላይ ሰው ሁሉ እየሰደበው ነው» እያለ ይራገም ነበር። በዚያ ሳምንት ዓርብ ነው አንተ ሳትደውል የቀረኸው።

ኣንገሶም ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔም አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር» አለኝ። «ልክ ነበርክ» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ሚስቱ ምሳ አቀረበች።

ትናንት ከማርያና ከልጁ ጋር ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም፤ እኔ ነኝ ውሰዱኝ ያልኳቸው። ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ጠበቃው ስልኬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የዓርብ ዓርብ ጥሪዎቹን ወደ ላይ እየገፋ አያቸው።

«ይህ ቁጥር የማን ነው?» አለኝ።

«ጤና የሚጠይቀኝ ሰው ነው» አልኩት።

ጻፈው። ልጁ ነጻ ይወጣል ብሎ ያምናል፤ ኣንገሶምንም ይመልሱታል አለ። ቤት ስንደርስ ማርያ በሩ ላይ እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን ሰጠኋት። አልተቆጣችኝም፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ የማሳድሰው በእነሱ ቤት ኮንትራት ነበር። ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አይቶር ደረጃውን እየሮጠ ወረደ፤ ወደ ፊት ነው የወረደው። «ዜ፣ እሁድ ታይኛለሽ አይደል?» አለኝ። በቴሌቪዥን ማለቱ ነው። አይሃለሁ አልኩት።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። ስልክ ፈጣን ነው፤ ያለውን ለማጥፋት ጊዜ ይሰጥሃል። ልዕልቲ የምትበረው በሚመጣው ሳምንት ነው።

ለእማዬ ምንም አትንገራት፤ ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግራታለሁ። መጥቶ የሚጠይቅህ ሰው ካለ አትዋሽ፤ ልጆች አሉህ። እነሱን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፣ የእማዬን ዕድሜ ያርዝምልን፣ ቤትህን ከክፉ ይጠብቅልህ። ልዕልቲን ባዶ እጇን አትሸኛት፣ እንግዳ ናት።

ልጁስ እንዳትለኝ አስቀድሜ ልንገርህ። ደህና ነው። ጉልበቱም፣ ወገቡም፣ ሆዱም፣ ቁርጭምጭሚቱም ደህና ነው። ከእንግዲህ በየትኛውም ዓርብ ብትደውል ደህና ነው።

እህትህ