ካሜራው ያላየው ጋቢ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ አካለ ወልድ፣ ቢቸና።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ፣ ዓይንዎስ እንዴት ነው? የዘንድሮውን ውርጭ ቻሉት? እናቴስ ደኅና ናት? እኔ ልጅዎ በጸሎትዎ ተጠብቄ አለሁ፤ ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

በሌሊት ማኅሌት ሲሄዱ ከሞጣ እህል ጭኖ የመጣ አይሱዙ የጋቢዎን ጫፍ ገፍቶ ማለፉን እህቴ ባንቺዓለም ነገረችኝ፤ አይቆጧት። በስልክ ስጠይቅዎ «ምን እሆናለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ አሉኝ። ለምን ደበቁኝ አባባ?

እዚህ የምንሠራው በመኪና ፊት የሚገጠም ካሜራ ነው። ኢንፍራሬድ ይሉታል፤ ብርሃን ሳይፈልግ የሰውን ገላ በሙቀቱ ይለያል። እግረኛ ሲያገኝ ሾፌሩን ያስጠነቅቃል። ባለፈው ወር ብርዱ ቢጠናብኝ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ እንደ እርስዎ እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ለሙከራ ከመኪናው ፊት ቆምሁ። ካሜራው ጓደኞቼን አንድ በአንድ ለየ፤ እኔን ዘለለኝ። ለካ ጋቢው ሙቀቴን ውስጥ ይዞት፣ ላዩ እንደ አየሩ ቀዝቅዟል። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን እርስዎ ታዩኝ። ይህ መሣሪያ ያጣዎትን፣ ሲነዳ ያደረ ሾፌር እንዴት ያገኝዎታል?

አለቃችን «እንዲህ ተሸፍኖ መንገድ የሚሄድ ማን አለ?» ቢለኝ «አባቴ» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ካሜራው እንዲለምደው ማታ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ ከፊቱ እመላለሳለሁ። አሁን ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ያየኛል። የሚያባንነኝ ሦስቱ ነው። እዚያ የሚመላለሱት መኪኖች ደግሞ ይህም የላቸውም።

እባክዎ፣ የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ከመንገዱ ወጥተው ይቁሙ። ወደ አገር በሚገባው ጓደኛዬ በደሴ እጅ መብራት ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ልኬያለሁ፤ በጋቢዎ ጠርዝ ይሰፋ። «መሪጌታ እንደ መንገድ ሠራተኛ አብረቅርቆ ቅኔ ማኅሌት አይቆምም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፉት። ልጅ አባቱን አይመክርም፤ ግን «የፈሩት ይደርሳል» ይባላልና ፈራሁ።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ወንድሜ ሰማው በትምህርቱ ይበርታ። ጎረቤታችን እትዬ ውበቴ እንደምን አሉ?

ባንቺዓለም፣ ይህን ደብዳቤ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና እዚህ ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ጥብጣቡን እምቢ ካሉ ጋቢውን ልጠበው ብለሽ ተቀብለሽ ስፊው። ይቆጡ፣ ይርገሙኝም፤ ብቻ ይኑሩልኝ።

ልጅዎ አስናቀው
ስቱትጋርት፣ ጀርመን
ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.